ሬዲዮ የቆረጠው አንጓ

በዚያች የምዕራብ ዩትላንድ የዓሣ ወደብ የሶልቫይ ቡንጎርን ዜማ የማያንጎራጉር የለም። ግጥሙን የሚያውቅ ግን አንድ ሰው አልገጠማትም። ቢገርማትም አይፈረድባትም።

ያን ዘፈን፣ «ክዳኑ»ን፣ የጻፈችው በሃያ ሦስት ዓመቷ፣ ወንድሟ ኤጎን ከሚሠራበት ጀልባ ጋር በሰጠመ በመንፈቁ ነው። የጀልባዋ የዓሣ ማኖሪያ ክዳን አልገጥም ብሎ ውኃ ያስገባ ነበር። ኤጎን በመጨረሻው እሑድ ድንች እየላጠ፣ «ነገ ለቬርነር እነግረዋለሁ» አላት። ቬርነር የጀልባዋ ባለቤት ነው። ሐሙስ ጀልባዋ ሰጠመች። ቬርነር ለመርማሪዎቹ፣ «ማንም የነገረኝ የለም» ብሎ ቃሉን ሰጠ፤ ፋይሉም ተዘጋ። ነግሮት ይሆን? ሳይነግረው ቀርቶ ይሆን? ሶልቫይን እንቅልፍ የነሳት ይኸው ነው።

ጥያቄውን በዘፈኑ ሁለተኛ አንጓ ላይ ፊት ለፊት አስቀመጠችው። ሬዲዮ ጣቢያው «ረዘመ» ብሎ ያንኑ አንጓ ቆረጠው። ረዘመ! የሰው ሞት ከማስታወቂያ ሰዓት ጋር ሲጋፋ ሁልጊዜ የሚረዝመው ሞቱ ነው። የቀረው ቁራጭ በአገሩ ሁሉ ተሰማ። ባንዷ አራት ዓመት ከከተማ ከተማ ዞረ፤ ሦስት አልበም አወጣች። መድረክ ላይ ሙሉውን ስትዘፍን ከበሮው ይደልቃል፣ ሕዝቡ ይዘላል፣ ቃሉን የሚሰማ የለም። ባንዱ ሲበተን አገሯ ተመልሳ ጊታር ማስተማር ያዘች።

ዜማው ግን አላረፈም። በወደቡ ልደትም ሆነ ሠርግ ያለ አዲስ ግጥም አይከበርም፤ ዘመድ የታወቀ ዜማ ወስዶ ስለ ባለ በዓሉ ይገጥምበታል፣ በወረቀት አትሞ ያድላል። «ክዳኑ» ለጥርስ ሐኪሙ ስድሳኛ ዓመት ተዘፍኗል። ለውሻ ወዳጆች ማኅበርም ተዘፍኗል።

ሶልቫይ ሃምሳ ስምንት ዓመት በሞላት በጋ ጎረቤቷ ዩተ መጣች።

«ቬርነርና ግሬተ ቅዳሜ የጋብቻቸውን ሃምሳኛ ዓመት፣ ወርቅ ኢዮቤልዩውን፣ ያከብራሉ። እንደ ልማዳችን በጠዋት በራቸው ላይ ዘፍነን በ‹ክዳኑ› እናነቃቸዋለን። ግጥሙን አንቺው ጻፊልን፣ የእኔ ቤት አይመታም ተብያለሁ።»

«አልተባልሽም። ግሬተን ከትራክተር ጋር ቤት አስመታሻት ነው የተባልሽው።»

«ቤቱስ መታ አይደል!»

ሶልቫይ እምቢ ልትል አፏን ከፍታ ሌላ ነገር ወጣት። «ቬርነር ሁለተኛውን አንጓ ሰምቶት ያውቃል?»

«ሁለተኛ አንጓ አለው እንዴ?» አለች ዩተ።

«እጽፋለሁ» አለች ሶልቫይ።

ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት አርባ ያህል ሰው ለበዓሉ በራቸው ላይ በጥድ ቅርንጫፍ በተሠራ ቅስት ሥር ቆመ። ቬርነርና ግሬተ በሌሊት ልብሳቸው ወጡ። እንደ ወጉ ደነገጡ፤ ፀጉራቸው ግን ተበጥሯል። ሶልቫይ ግጥሙን ያተመችበትን ወረቀት አድላ ጊታሯን መታች። የመጀመሪያው አንጓ ቬርነር ግሬተን በብስክሌት ሲያሳድድ የወደቀበትን ቦይ ያነሳል፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። ሁለተኛውን ጀመሩ።

ኤጎን ነገረህ ወይ ክዳኑ እንደማይገጥም፣
ወይስ ቃሉን ይዞ ወረደ ሊሰጥም?
እኔ አልፈርድብህም፣ ልወቅ ብቻ እውነቱን፣
ሰኞ ሰማህ ወይ የወንድሜን ድምፁን?

ዩተ «ኤጎን» ላይ ከወረቀቱ ቀና አለች። ግን አላቆመችም፤ ማንም አላቆመም። ወረቀት የያዘ የዚያ አገር ሰው ጣራ ቢናድበትም አንጓውን ሳይጨርስ አይሄድም። ሶልቫይም የተማመነችው በዚሁ ነበር። ሲጨርሱ መከተል የነበረበትን የደስታ ጩኸት የሚጀምረው ጠፋ።

«ሶልቫይ! በሰው በዓል ላይ?» አለች ዩተ።

«በእኔ ለቅሶስ ሠላሳ አምስት ዓመት ስትጨፍሩ?»

ቬርነር እጁን ዘረጋ። ወረቀቱን ተቀብሎ ከዓይኑ አርቆ ያዘና ብቻውን አነበበው።

«ግባ፣ ይበርድሃል» አለችው ግሬተ ክንዱን ይዛ።

«ሰኞ አይደለም» አለ ቬርነር። «ማክሰኞ ነው የነገረኝ፣ ወደቡ ላይ። ዓሣው በሚበዛበት ሳምንት ጀልባ አላቆምም፣ እስከ ቅዳሜ እንዲሁ ሥራበት አልኩት።»

ግሬተ ክንዱን ለቀቀችው።

ሶልቫይ በዚህ ቀን ምን ብላ እንደምትጮህበት ለዓመታት ስታሰላስል ኖራለች። አሁን ግን የመጣላት ሌላ ጥያቄ ነው። «እሱስ ምን አለህ?»

«ምንም። ‹ቅዳሜ ሩቅ ነው› አለኝና ገመዱን ፈታ።»

አዎ፣ ኤጎን እንዲህ ነው የሚናገረው። ሶልቫይ ጊታሯን ከአንገቷ አወረደች። «ልብስህን ልበስ። ፖሊስ ጣቢያ ሄደህ ይህንኑ ትደግማለህ።»

«የወደቡ ጣቢያ ቅዳሜ ዝግ ነው» አለች ዩተ ቀስ ብላ።

«እንግዲያው እዚሁ ይጻፈው። ምስክር እንደሆነ ሞልቷል።»

ዩተ ቦርሳዋን በረበረችና እስክሪብቶ ሰጠችው። ቬርነር ወረቀቱን ገልብጦ በሩ ላይ አስደገፈና ስሙን ጻፈ። ከዚያ ዞር አለ።

«የዚያ ማክሰኞ ቀኑ ስንት ነበር?»

ሶልቫይ ነገረችው።