ዳማከሴያችን አረም የተባለበት ጠዋት

ዛሬ ጠዋት ዳማከሴያችንን ከነሥሩ ተነቅሎ ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ አገኘሁት።

ለማታውቁ፣ እኔና አራት ጓደኞቼ እዚህ ኮምቦልቻ ሙዚየም የሆነ የአንድ አሮጌ ቤት ጓሮ በፈቃደኝነት መንከባከብ ከጀመርን ሁለት ክረምት አለፈን። የተከልነው የድሮ ሰው በጓሮው የሚተክለውን ነው፤ ጤና አዳም፣ አሪቲ፣ ዳማከሴ።

ዳማከሴውን የሰጡን የደሴ ዙሪያዋ እማማ ዘሀራ ናቸው። የእሳቸውን ጓሮ የመንገድ ሥራ ወስዶታል። የተረፈው ሥር እኛ ጋ ያለው ብቻ ነበር።

የሙዚየሙን ኃላፊ ጠየቅሁት።

«እህቴ፣ እንግዶች ስለሚመጡ አረሙን አጸዳነው» አለኝ። በቦታው የፕላስቲክ ሣር አንጥፏል።

(ባለፈው ጉንፋን ሲይዘው ቅጠል ቀጥፌ የሰጠሁት ከዚሁ «አረም» ነው!)

«ደግሞ ከእንግዶቹ ጋር ፎቶ ትነሣላችሁ፤ ቲሸርት አዘጋጅተናል» ብሎ አንዱን ሰጠኝ።

ቲሸርቱን ጠረጴዛው ላይ ትቼለት ወጣሁ።

ለእማማ ዘሀራ ደውዬ ነገርኳቸው። «አብሽሪ ልጄ» አሉኝ። «ሥሩ እርጥብ ከሆነ አልሞተም። አሁኑኑ አፈር ውስጥ መልሺው።»

ጓደኞቼን ጠራሁና የፕላስቲክ ሣሩን ጠቅልለን ኃላፊው ቢሮ በር ላይ አቆምነው። ዳማከሴውን ከገንዳው አውጥተን፣ የመጡት እንግዶች እያዩን መልሰን ተከልነው። ይጽደቅ አይጽደቅ ገና አላውቅም። ነገ ጠዋት ግን ውሃ ይዤ እሄዳለሁ፤ በሩን ቢዘጉብኝ እስኪከፍቱ አንኳኳለሁ።

እናንተስ፣ የለፋችሁበትን ነገር አጥፍቶ «አጸዳሁላችሁ» ያላችሁ አለ? ንገሩኝ፣ ብቻዬን አልናደድ።