የፖሊስ ሚስቶች የፈትል ወንፈል

ባለቤቴ ፖሊስ ነበርና ከመርሐቤቴ ግሼ፣ ከግሼ መሐል ሜዳ እያልን ስንዞር ኖርን። አሁን እሱ የለም። እኔ ግን መዞሩን ስለለመድኩ አንዴ ከአንዷ ልጄ፣ አንዴ ከሌላዋ ቤት ነኝ፤ አንድ ቦታ ስቀመጥ እግሬ ያሳክከኛል። የማወራው ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመት እንዳለፈ፣ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ሳለን የሆነውን ነው።

ከእኛ ቤት በታች አንድ ወጣት ፖሊስ ከነሚስቱ ይኖር ነበር። ከቆላ ነው ያመጣት፤ የመንዝን ብርድ ገና አልለመደችውም። ባሏ በድንበር ጠብ የተከሰሰ የጎረቤት ልጅ ይዞ ስላሰረ፣ ከቤቷ እሳት የሚጭር ጠፋ። ወንድ ልጅ ስትወልድ እልል ያልኩላት እኔ ብቻ ነኝ፤ የአንድ ሰው እልልታ ደግሞ ምን ያምራል።

ገንፎ ብወስድላት አልነካችውም። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነው የምታጠባው።

«እትዬ፣ ይሄ ልጅ የኔ አይመስለኝም» አለችኝ።

ያን ጊዜ ፈራሁ። ሰው ካልከበባት ልናጣት ነው አልኩ። እኛ የፖሊስ ሚስቶች ገበያ ስንደርስ ወሬው ቀጥ ይላል፤ ከራሳችን በቀር ማን አለን? ወደ ጣቢያው ሳጅን ሚስት ሄድኩ። የዚያው አካባቢ፣ የቀየት ልጅ ናት፣ አፏ ስለት። እኛ ሴቶቹ እንሰብሰብ አልኳት።

«እትዬ ደግሞ! ማኅበር ልንጠጣ? መጀመሪያ ተፈትሸን ነው የምንገባው?»

«የፈትል ወንፈል ነው እንጂ። ዛሬ የአንዷን የበግ ጠጉር፣ ሌላ ቀን የሌላዋን። ከአራሷ ቤት እንጀምር።»

እንዝርታችንን ይዘን ገባን። እጅ ሥራ ሲይዝ አፍ ይፈታል። አንደኛዋ፣ «የኔው በእንቅልፉ ‹ቁም!› ይላል» አለች።

«ትቆሚያለሻ?» አለቻት የሳጅኑ ሚስት።

«ምን ላድርግ፣ እጄን ወደ ላይ!»

አራሷ ሳቀች። ሳቋን ገና ያን ቀን ሰማሁት። ገንፎም ቀመሰች። ውላ አድራ ልጁን ራሷ አንስታ፣ «አፍንጫው የማን ነው ትላላችሁ?» ማለት ጀመረች።

ከመሐል ሜዳ በላይ ጓሳ የሚባል ጥብቅ የሣር ሜዳ አለ፤ ሣሩ በሚከለከልበት ወራት ተደብቆ የሚያጭድ ሰው ነበር። አንድ ቀን ስንፈትል አንዷ በጨዋታ መሐል፣ «የኔው ነገ ጓሳ ነው፣ አጫጆቹን ሊይዙ» አለች። የሳጅኑ ሚስት እንዝርቷን አስቀምጣ ተነሣች። ወንድሟ ከአጫጆቹ አንዱ ነበርና ልትነግረው ሄደች። እህት ናት፣ ምን ታድርግ። ፖሊሶቹ ሲደርሱ የታጨደ ሣር ብቻ ቆያቸው። ወሬው ከየት ወጣ ተብሎ ሲፈለግ እኛ ዘንድ ደረሰ።

ባለቤቴ አልተቆጣም፤ «አንቺ፣ እንጀራችን እኮ ነው» አለኝ ብቻ። በየቤቱ ፈትሉ ተከለከለ። ሳጅኑን ከነሚስቱ ወደ ሩቅ ቆላ ቀየሩት።

ባለቤቴ ሥራ ሲገባ ጠብቄ ወደ አራሷ ሄድኩ። በሩን ገርበብ አደረገችው።

«እትዬ፣ ይሂዱልኝ። እርስዎ በመጡ ቁጥር እሱ ነው የሚጠየቀው።»

ከውስጥ ልጁ ያለቅሳል።

«ልጁን ብቻ ልያዝልሽ።»

«ይተዉት። ሲደክመው ይተኛል።»

እንደገና ብሄድ አልከፈተችም። እህል መቅመስም ተወች አሉ። ሁዳዴ ሳይፈታ አባቷ መጥቶ ወሰዳት፤ ልጁ የአባቱ ነው ተብሎ ቀረ። የደብረ ብርሃን አውቶቡስ ላይ ስትሳፈር ከሩቅ አየኋት፤ ወደ ኋላ አልዞረችም።

በማግስቱ ባሏ ልጁን በካፖርቱ ጠቅልሎ ደጄ ቆመ።

«እትዬ፣ ሴቶቹን ይጥሩልኝ። እኔ አላውቅበትም።»

ፈትሉን ከሁሉ አጥብቆ የከለከለው እሱ ነበር። አላነሣሁበትም። ልጁን አቅፌ ዞርኩ። የአንዷ ቤት በር ተዘግቷል፤ ከውስጥ ግን ሰው ያስላል። ሌላዋ፣ ያቺ ስለ ባሏ እንቅልፍ ያወራችን፣ ወጥታ የልጁን ግንባር ሳመችና፣ «እትዬ፣ አይቀየሙኝ፤ እሱ ከተባረረ የት እንገባለን?» ብላ ገባች።

ልጁ አፉን ከፍቶ ደረቴን ይፈልጋል። የኔ ጡት ደግሞ ከደረቀ ስንት ዘመኑ።