ደብተሬን የሸፈንኩበት ጋዜጣ

ይህ የሆነው አምና፣ ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ጥፋቱ የእኔ ሆኖ ሳለ ማንም ስላልተቆጣኝ ይሁን አላውቅም፣ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል። ዘንድሮ መጻፍ እንደምችል አውቄያለሁ፤ ደስ ብሎኝ ሌላ ሌላውን ስጽፍ ከርሜ ይሄን መዝለል ከበደኝ።

የአማርኛ መምህራችን ከጂንካ ሱቆችና ቢሮዎች አሮጌ ጋዜጣ እየለመነ ያመጣልን ነበር። ለሁለት ለሁለት አንድ ገጽ ይሰጠናል፤ ተራ በተራ ቆመን እናነባለን።

«ቲቸር፣ ይሄ እኮ ያለፈበት ዜና ነው!» ስንለው፣

«ላላነበበው ትኩስ ነው» ይላል።

ከእኔ ጋር የምትቀመጠው ፀጋነሽ ነበረች። ቤታቸው የሚወራው አሪኛ ነው፤ አማርኛ ስታነብ ፊደሉን በጣቷ እየተከተለች፣ ቀስ ብላ ነው። የዚያን ቀን ገጹ ሲሰጠን ከታች፣ ከደቃቁ ጽሑፍ ጀመረች። ነጠቅኳት።

«ማስታወቂያ ነው አንቺ፣ ማን ያነበዋል? ደግሞ አንቺ እስክትጨርሺ ይደወላል!»

ልጆቹ ሳቁ። እሷም ሳቀች። እኔ የኳሱን ዜና ሳልደናቀፍ አነበብኩና ተጨበጨበልኝ። መምህሩ ገጹን ሸለመኝ። ቤት ወስጄ የሒሳብ ደብተሬን ሸፈንኩበት፤ ኳሱ ከላይ እንዲታይ ማስታወቂያውን ወደ ውስጥ አጠፍኩት።

ዘጠኝ ቀን ይዤው ዞርኩ። ከዚያ አንድ ጠዋት ዝናብ መታኝና ሽፋኑ ተላቀቀ። ፀጋነሽ ልታደርቅልኝ ዴስኩ ላይ ዘረጋችው። ጣቷ እንደ ልማዷ በደቃቁ ጽሑፍ ላይ ሄደ፣ ሄደና ቆመ።

«የእናቴ ስም ነው» አለች።

የፍርድ ቤት ጥሪ ነበር። አባቷ ሲሞቱ በሌላ ከተማ የተዉላቸው ቤት አለ፤ ፀጋነሽ የምትማረው በዚያ ኪራይ ነው። አንድ የአባቷ ዘመድ ቤቱ ለእኔ ይገባል ብሎ ከሷል። የእናቷን አድራሻ አላውቅም ስላለ በጋዜጣ ተጠሩ። እናቷ ግን ጂንካ ገበያ ቅቤ ይሸጣሉ፤ የማያውቃቸው የለም። በቀጠሮው ካልቀረቡ ጉዳዩ በሌሉበት ይታያል ይላል።

ቀጠሮው ትናንት ነበር።

ገበያ ድረስ ሮጥን። እናቷ እትዬ አስቴር ማንበብ ስለማይችሉ እኔ አነበብኩላቸው። ኳሱን ያነበብኩበት ድምፅ የት እንደገባ እንጃ። ጋዜጣው ዘጠኝ ቀን እኔ ዘንድ እንደነበር ስነግራቸው፣

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ፣ ልጄ። እርሷል፣ እንዳይቀደድ ቀስ ብለሽ እጠፊልኝ» አሉኝ።

በማግስቱ እሱኑ ይዘው ቤቱ ወዳለበት ከተማ በአውቶቡስ ሄዱ። ግን በሌሉበት ተፈርዶባቸው ነበር። እንደገና ይታይልኝ ብለው አመልክተዋል፤ እስካሁን ቁርጡ አልታወቀም። ኪራዩ ቀረ። ፀጋነሽም ትምህርቷን አቋርጣ ቱርሚ ከተማ፣ አጎቷ ምግብ ቤት ትሠራለች።

እኔ አሁን ጋዜጣ ሳገኝ ከታች ከደቃቁ እጀምራለሁ። ልጆቹ ይስቁብኛል፤ ይሳቁ። አጠገቤ ያለው ባዶ ቦታ ግን ያስጨንቀኛል።

ይሄ ጽሑፌ ጋዜጣ ላይ ከወጣ፣ ቱርሚ የሚደርሰው ሰንብቶ፣ ምናልባትም ስኳር ተጠቅልሎበት ነው። በየትኛውም ጥግ ቢወጣ ፀጋነሽ ታገኘዋለች።

ፀጋዬ፣ የነጠቅኩሽ እኔ ነኝ። ቀስ ብለሽ አንብቢው፤ አይደወልም።