ሥር ያልያዘ ሣር

በመጨረሻው ቀኑ ታላቅ ወንድሜ፣ ዖሜር በምትባል የእስራኤል መንደር አጠገብ በሚሠራበት የፈረስ እርባታ፣ እንደ ወትሮው ተንበርክኮ ሣር ይጎትት ነበር። ከዝናብ በኋላ ልማዱ ነው። ፈረስ እንደሚነጨው ጭብጥ ሙሉ ይዞ ይስባል፤ ሣሩ ከነሥሩ ከወጣ የግጦሹን በር አይከፍትም።

«ዛሬም ጾም ነው፣ እመቤቴ» አላት አጥሩን የምትገፋውን ባዝራ።

«ጋሼ፣ እስከ መቼ?» አልኩት።

«ሥር እስኪይዝ ነዋ! አንተ ደግሞ ከፈረስ ብሰህ ትቸኩላለህ።»

ማታ ቤቱ ገብቶ ልቡ ቆመ።

ሲነጋ የእርባታው ባለቤት ደወለልኝ። ሊያጽናናኝ መስሎኝ ነበር። «ዕቃውን ውሰድ፤ ሌላ ሠራተኛ እየመጣ ነው» አለኝ በዕብራይስጥ።

ስደርስ በሩ ተከፍቷል። ወንድሜ ክረምቱን ሙሉ የጠበቀውን ሣር ፈረሶቹ ከነሥሩ እየነቀሉ፣ መስኩን በኮቴያቸው ያቦኩታል።

«ገና ሥር አልያዘም እኮ» አልኩት ባለቤቱን።

«ኻላስ፣ በቃ! ወንድምህ ሞቷል፤ አሁን ይብሉ።»

ፈረሶቹን አንድ በአንድ አስወጣኋቸው። መስኩ ላይ የሚጠበቅ ነገር አልቀረም። ቢሆንም በሩን ዘጋሁት፤ ከዚያ ወንድሜን ልቀብር ወደ ቤር ሼቫ ከተማ ተመለስኩ።