ሌንሳ ያስቀረችው በረራ

ሌንሳ አውሮፕላን ውስጥ ገብታ አታውቅም። እንጀራዋ ግን የአውሮፕላን ጭስ ነው። አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ባለች አንዲት የጥናት ቢሮ ተቀምጣ የጭነት አውሮፕላኖች በሚቀጥሉት ዓመታት ምን ያህል ነዳጅ እንደሚያቃጥሉ፣ ምን ያህል ካርቦን እንደሚለቁና ይህን በምን መቀነስ እንደሚቻል ትተነብያለች። ጎረቤቶቿ ሥራዋን «የአየር ትንበያ» ብለው ስለደመደሙት ልብስ ከማስጣታቸው በፊት ዝናብ ይመጣ እንደሆነ ይጠይቋታል። እሷም ማስረዳቱ ሰልችቷት «ዛሬ አይመጣም» ትላቸዋለች። አዳማ ላይ እንዲህ የሚል ሰው ብዙ ጊዜ አይሳሳትም።

ባሏ መርዳሳ ባቱ በሚገኝ አንድ የአበባ እርሻ የማቀዝቀዣ ቴክኒሽያን ነበር። ጽጌረዳው ከእሱ እጅ ወጥቶ ቦሌ ይሄድና በአውሮፕላን አውሮፓ ይገባል። ቅዳሜ ሲሆን መርዳሳ በሚኒባስ አዳማ ከች ይላል። ሳምንቱን ሙሉ ብርድ ውስጥ ስለሚውል፣ ሰው ሁሉ ጥላ ፍለጋ ሲራወጥ እሱ ፀሐይ ላይ ወንበር አውጥቶ ይቀመጣል። ሌንሳም ጃንጥላዋን ዘርግታ አጠገቡ። ሰፈሩ ይስቅባቸዋል። እነሱ ግን የሳምንት ወሬ ስላላቸው ግድ አልነበራቸውም።

ምን ዋጋ አለው፣ ያንን ቅዳሜ ያፈረሰችው ራሷ ናት። የአውሮፓ ገዢዎች የአበባው ካርቦን ይቀነስ ስላሉ እርሻው ጥናቱን ለሌንሳ ቢሮ ሰጠ። እሷም አብዛኛው አበባ በረራውን ትቶ ከሞጆ በባቡር፣ ከጅቡቲ በመርከብ ቢሄድ ልቀቱ እጅግ እንደሚወርድ አሳየች። የእርሻው የኤክስፖርት ኃላፊ ወይዘሮ ሰብለወንጌል አጨበጨቡላት። ቀጥሎ የማቀዝቀዣ ኮንቴይነሮቹን ጅቡቲ ድረስ የሚያጅብ፣ መርከብ እስኪጫኑም ወደቡ ላይ የሚጠብቃቸው ሰው ተፈለገ። ከመርዳሳ የተሻለ ከየት ይምጣ?

ባቡሩ የሚሄደው ደግሞ በአዳማ በኩል ነው። የሚያናድደውም ይሄ ነው። የጭነት ባቡር ስለሆነ አይቆምም። መርዳሳ ይደውልና «ሌንሴ፣ አዳማ ደረስኩ!» ይላል። ገና «አካም ጂርታ?» ብላ ደህንነቱን ጠይቃ ሳትጨርስ «በቃ፣ አለፍኩ» ይላታል። ቤት ሲመጣም ይተኛል፤ ሲነቃ ወደ ሞጆ መሄጃው ደርሷል። አጠገቧ ተኝቶ እንኳ ይናፍቃታል።

ዘንድሮ እርሻው ትንበያው እንዲታደስ ጠየቀ። ሌንሳ የድሮውን ስሌት ስትከፍት ክው አለች። የእርሻው ጭነት የተመዘገበው በእኛው የበጀት ዓመት፣ ከሐምሌ ጀምሮ ነው፤ የአውሮፕላኖቹ ነዳጅ ግን በፈረንጆቹ፣ ከጃንዋሪ። እሷ ሁለቱን አንደኛ ወር ከአንደኛ ወር እያለች አጣምራቸው ኖሯል። አውሮፓውያን ለፍቅረኞች ቀን የሚሻሙት የጥር አበባ ከክረምት በረራ ጋር ተዳብሎ ቁጭ ብሏል። እንዲህ ያለ ስህተት የሚሠራው ሁለት አዲስ ዓመት ያለው ሰው ብቻ ነው።

አፈረች። ከእፍረቷ በላይ ግን ደስ አላት። በረራው እንደተባለው ባይከፋስ? አበባው ወደ ቦሌ፣ መርዳሳም ወደ ባቱ ይመለሳል። ወዲያው ደወለችለት፤ ጅቡቲ ወደብ ላይ ላቡን እየጠረገ ነበር።

«የተሳሳትኩ መሰለኝ» አለችው።

«በናትሽ! አጣርተሽ ደውዪ። ስልኩን ከእጄ አላወርድም።»

ወሮቹን በየቦታቸው መለሰቻቸው። ሌሎቹ ምሳ ሲወጡ እሷ አልወጣችም። ውጤቱን ስታየው አላመነችም። ለካ በአበባው ወቅት ተጨማሪ አውሮፕላኖች ባዷቸውን እየመጡ ነበር የሚጭኑት፤ የባዶው ጉዞ ነዳጅም የሚቆጠረው በአበባው ላይ ነው። ክረምት ላይ ይህ የለም። አንዷን ቁጥር ትንሽ ገፋ ብታደርጋት ማንም አያውቅባትም። አስባዋለች፤ ጣቷም ቁልፉ ላይ ቆይቷል። በመጨረሻ ግን እውነተኛውን ስሌት ከነስህተቷ ለወይዘሮ ሰብለወንጌል ላከችና አለቀሰች። ከዚያ ፊቷን ታጥባ ደወለች።

መርዳሳ ስልኩ ገና ሳይጠራ አነሳው። «እህ?»

«ተሳስቼ ነበር» አለችው። «ሲስተካከል ግን አውሮፕላኑ ከበፊቱም ባሰ።»

በስልኩ የወደቡ ክሬን ሲጮህ ይሰማታል። መርዳሳ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀበት።

«አይ ሌንሴ» አላት፣ «ተሳስተሽ እንኳ አታመጪኝም?»