ኮሌጅ ፓርክ የማይደርሰው ጣቢያ

ማሰራጫው ሲበራ መጀመሪያ የሚመጣው ሽታ ነው። የሞቀ አቧራ ሽታ። ታላቅ ወንድሜ ብሩክ ከሞተ በኋላ ዛሬ ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ እኔው አበራሁት። ሽታው ወጣ። ቁጭ አልኩ።

ልጅ ሆኜም የቴሌቪዥን ጣቢያችን ይቺው ክፍል ነበረች፣ በስደት በምንኖርባት ከተማ፣ ክላርክስተን፣ ከጎማ ቤቱ ጀርባ። ብሩክ ግድግዳው ላይ አረንጓዴ አንሶላ ሰቅሎ፣ ከላይ ኮት ከታች ቁምጣ ለብሶ ዜና ያነብ ነበር፤ የጎማ ቤቱ ማሽን ሲጮህ ዝም ይልና፣ ማሽኑ ሲያቆም ካቆመበት ይቀጥላል። የሥርጭታችን አቅም ትንሽ ነው፤ ከአፓርታማዎቹ አልፎ ብዙም አይሄድም። ሌላ ከተማ፣ ኮንየርስ ያለው አጎታችን “የእኛ ቤት ማይክሮዌቭ ይበልጠዋል” እያለ ይስቅበት ነበር።

ከወሎ የመጡት ጎረቤታችን ጋሽ ይማም “ብሩኬ፣ ፊትህ ሁለት ሆነብኝ፤ የትኛውን ልመን?” ብለው ሲደውሉ እኔ ወደ በረንዳቸው እላካለሁ። አንቴናውን ሳዞር እሳቸው ከሶፋቸው “ግራ! ኧረ ግራ! እሱ ቀኝ ነው የኔ ልጅ!” ይላሉ። ስመለስ ብሩክ በር ላይ ቆሞ “ጠራ?” ይለኛል።

ብሩክ አንድ ሕግ ነበረው። አንዲት ጎረቤታችን የእናቷን ሞት ሥራ ቦታ፣ ፌስቡክ ላይ አይታ ከወደቀች ወዲህ፣ ሽማግሌዎች ቤት ሄደው መርዶ ሳይነግሩ የሟች ስም በጣቢያው አይጠራም። እስከዚያ የሻማ ሥዕል ብቻ ይታያል፣ ያለ ድምፅ። ያየ ሁሉ ተደዋውሎ ያጣራል፤ ለሐዘንተኛው ግን ማንም ትንፍሽ አይልም።

የብሩክ ልብ ድንገት ቀጥ ያለ ቀን፣ አብሮት የሚሠራው ልጅ ሻማውን አወጣ። ክላርክስተን በሙሉ አየው። እኔ ኮሌጅ ፓርክ ነበርኩ፣ ከኤርፖርት መንገደኛ እየጫንኩ። ጣቢያችን እዚያ አይደርስም። ስልኬ አልጮኸም። ማታ ደክሞኝ ገባሁ፤ ቴሌቪዥን ሳልከፍት ተኛሁ። ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ከፊት ጋሽ ይማም ነበሩ። ከኋላቸው ደረጃው ሙሉ ሰው። ስወድቅ የሚይዘኝ እጅ ነበረ።

ባለፈው ሳምንት አጎቴ መጣ። ጣቢያውን ዕቃ በቴሌቪዥን የሚሸጡ ሰዎች ፈልገውታል። ሳያሰራጭ ከቆየም ላይሰንሱ፣ የሥርጭት ፈቃዱ፣ ይሰረዛል።

“ስጣቸው በቃ። በዩቲዩብ ዘመን ማን አንቴና ያዞራል? ዓለም በሙሉ የሚያይህ ነገር እያለ!”

“ያን ሻማ ዓለም በሙሉ ቢያየው ኖሮ” አልኩት፣ “እኔም መሪ እንደያዝኩ አየው ነበር። አልሰጥም።”

 

ዛሬ የብሩክን የድሮ ቅጂ ከፈትኩ። ወዲያው ስልኩ ጮኸ፤ ጋሽ ይማም ናቸው። “ልጄ፣ የብሩኬ ፊት ተቆራረጠብኝ።” ዱሮ ሁለት ይሆን የነበረው ፊት፣ ዲጂታል ከመጣ ወዲህ ይቆራረጣል። የምልከው ሰው የለኝም። ራሴ ሄድኩ።

“ግራ! ኧረ ግራ!” አሉ ከሶፋቸው። አዞርኩ። ድምፃቸው ጠፋ። ገብቼ ሳይ ብሩክ ኮቱን ለብሶ ዜና ያነባል፤ ጋሽ ይማም እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጋሉ።

ወደ ጣቢያው ተመለስኩ። በሩ ላይ ማንም አልቆመም፤ ማንም አልጠየቀኝም።

“ጠርቷል” አልኩ፣ ጮክ ብዬ። ማሰራጫውን አላጠፋሁትም።