ታላቅ ነኝ ብዬ የተወጋሁት መርፌ

ነገሩ ከሆነ ሰባት ዓመት አልፎታል። ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ግንቦት ላይ ነው። ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ነውና አጻጻፌን ታገሡኝ፤ ይህን ሳልጽፍ ብሞት ግን ያች መርፌ የወጋችኝ ልጅ ትታዘበኛለች።

የምኖረው ደብረ ማርቆስ፣ ጧሪ ያጣን ሽማግሌዎችና አሮጊቶች በምንጦርበት ቤት ነው። በቤታችን ማዕድ ሲቀርብ ዳቦውን የሚባርከው በዕድሜ ታላቅ የሆነው ነው። ከምድጃው አጠገብ ያለው መቀመጫም የእሱ ነው። እኔ ያን መቀመጫ ፈለግሁና «ጣልያን ሲገባ የወተት ጥርሴን ነቅያለሁ» ብዬ ድርቅ አልሁ። ውሸቴን ነው። ታላቁ የአልጋ ጎረቤቴ እንየው ነበር። እሱ ዝም አለ፤ እኔም ተቀመጥሁ።

አንድ ቀን ሲስተር ዘሀራ የምትባል ነርስ የጉንፋን ክትባት ይዛ መጣች። እዚሁ አጠገባችን ካለችው ከተማ፣ የይጁቤ ባለሱቅ ልጅ ናት። ወረቀቷን አይታ በዕድሜ ከሁላችን ከሚያንሱት ሴትዮ ጀመረች። ሴትዮዋ ዞረው እኔን አዩኝ።

«እኔ አልወጋም» አልሁ። «የጮቄ ተራራ ብርድ ያልገደለኝን ጉንፋን ይገድለኛል?»

ሁሉም እጁን በጋቢው ሸፈነ። ልጅቱ ሳጥኗን ዘግታ ሄደች።

በማግስቱ የዕረፍት ቀኗ ሆኖ ሳለ ጭቃውን ረግጣ ተመለሰች። እኔ ዘንድ መጥታ ተንበረከከች።

«አባባ፣ ከዚህ ቤት ታላቁ ማን ነው?»

«እኔ ነኛ!»

«ዳቦውን የሚባርኩት እርስዎ ነዎት?»

«ታዲያ ማን ሊሆን ነው?»

«ትናንት አጥፍቻለሁ፤ ከታላቅ መጀመር ነበረብኝ። ዛሬ እርስዎ ይጀምሩልኝ። ይህ መርፌ ጉንፋንን ጨርሶ አያስቀርም፤ ጉልበቱን ግን ይሰብረዋል። እርስዎ እንቢ ካሉ አባ እንየውም እጃቸውን አይሰጡኝም። ክትባቱ ደግሞ ከዛሬ በኋላ ሌላ ቦታ ይሄዳል።»

እንየውን አየሁት። ከዚያ በፊት በነበረው ሐምሌ ጉንፋኑ ደረቱ ውስጥ ገብቶ መገነዣው ሁሉ ተገዝቶለት ነበር። ያን ቀንም ትንፋሹ ሲፏጭ ይሰማኝ ነበር። እንቢ ብል እሱን ለክረምቱ አሳልፌ መስጠቴ ነው። «ታላቅ አይደለሁም» ብል ደግሞ መቀመጫዬ ሄደ። ውሸቴ ከሁለት ወገን ያዘኝ።

«ውጊ!» ብዬ እጄን ዘረጋሁ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርሁ። ቁንጫ ከዚያ ይብሳል።

እንየው ተከተለኝ። ከዚያ ሁሉም በዕድሜው ተራ እየተነሣ ተሰለፈ። ዘሀራ ወረቀቷን አጣጥፋ ኪሷ ከተተች፤ ሥራዋን ተራችን ሠራላት።

ክረምቱ ገባ። ጉንፋን አልማረንም፤ እኔ ራሴ ሦስት ቀን ተኛሁ። እንየው አነጠሰ፣ ሳለ፣ ሰደበኝም። ሆስፒታል ግን አልሄደም። ያ መገነዣ እስከ ዛሬ ከሳጥኑ አልወጣም።

የዘመን መለወጫ ዕለት ዳቦው ሲቀርብ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ።

«አያ እንየው» አልሁት። ታላቅ ብዬ ስጠራው የመጀመሪያዬ ነው። «ና ባርክ። ዋሽቻለሁ፤ ታላቁ አንተ ነህ።»

«አውቃለሁ። ጣልያን ሲገባ እኔ በድቁና እቀድስ ነበር።»

«ታዲያ ያን ቀን፣ ልጅቱ ታላቁ ማን ነው ስትል ለምን ዝም አልህ?»

«መርፌው መጀመሪያ አንተን ይቅመስህ ብዬ ነዋ!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን አደርጋለሁ።

ዘሀራ ወዲያው ተዛውራ ሄደች፤ የት እንዳለች አላውቅም። ሌላ ሰው ቢሆን ግትር ሽማግሌ ብሎ ይተወኝ ነበር። እሷ ግን የቤታችንን ደንብ አይታ፣ አክብራ፣ በእሱ በኩል ገባች። ይህን ስጽፍ አያ እንየው ከምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ጻፍህ ወይ እያለ ይነዘንዘኛል። ዳቦ ሲባርክ መጨረሻ ላይ «ያችን የይጁቤ ልጅ ጠብቃት» ይላል። ከሁሉ ጮክ ብዬ አሜን የምለው እኔ ነኝ።